ቲቶሪያል አይደለም፦ የክረምቱ አጫጭር ክፍሎቻችን ማስታወሻ

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ቦታ ተፈቀደልን! ሳሪስ አካባቢ ያለ የወጣት ማዕከል ነው። ሁለት ክፍልና አንድ ሰፊ ግቢ አለው። እውነቱን ለመናገር ዓይኔን የጣልኩት ግቢው ላይ ነው። ክፍሎቹ ጨለም ያሉ ናቸው፣ የአንደኛው መስኮትም አይከፈትም። ስማችን በወረዳው የክረምት በጎ ፈቃድ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ሪፖርት እንጽፋለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ባነርም ይሰቀላል። ይሁን።

ምን እንደምንሠራ እዚህ ልጻፈው፤ ለሰው ባስረዳን ቁጥር ሰው «አሃ፣ ቲቶሪያል!» ብሎ ይዘጋዋልና። ቲቶሪያል አይደለም። አምስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። እኔ ፊዚክስ ነኝ፣ ሌሎቹ ሕክምና፣ ሶፍትዌር፣ ሕግና ሲቪል ምሕንድስና። ክረምቱን ቤተሰብ ጋ ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንድሮ 6ኛንና 7ኛን ለጨረሱ ልጆች አጫጭር ክፍሎች እንሰጣለን። አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ጥያቄ ብቻ ይነሳል፤ ልጆቹ በእጃቸው ሠርተው መልሱን እስኪያገኙት ድረስ እሱው ላይ እንቆያለን። ምዕራፍ መጨረስ የለም፣ ፈተና የለም፣ ውጤት የለም።

ሐሳቡን የወሰድነው ከአሜሪካ ነው። ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በእነሱ አቆጣጠር ከ1957 ጀምሮ ያለ የተማሪዎች ማኅበር አለ። ስፕላሽ የሚሉት ዝግጅታቸው በኖቬምበር በአንድ ቅዳሜና እሑድ ይካሄዳል። የኮሌጅ ተማሪዎች ደስ ያላቸውን ነገር ያስተምራሉ፤ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ከዝርዝሩ ውስጥ የፈለጉትን ይመርጣሉ። እንጀራ ስለሚሆናቸው ትምህርት ሳይሆን ሌሊት እንቅልፍ ስለነሳቸው ነገር የሚያስተምሩ አሉ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ስሙንም አሠራሩንም ወስደውታል። እኛ የወሰድነው አሠራሩን ነው።

በነገራችን ላይ እኛም የራሳችን 1957 አለን። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርደው እንዲያገለግሉ የሚያስገድደው ደንብ ሥራ ላይ የዋለው በ1957 ዓ.ም. መባቻ ነው፣ አብዛኞቹም የተመደቡት ለማስተማር ነበር። ቁጥሩ መገጣጠሙ ብቻ ነው የገረመኝ፣ በመካከላቸው ሰባት ዓመት አለ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ምዝገባ። ርዕሶቹን በትልቅ ወረቀት ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍናቸው፦ ቀትር ላይ ጥላችን ወዴት ይሄዳል? ልብ በቱቦ ስትደመጥ ምን ትላለች? በአምስት ካርድ እስከ 31 እንዴት ይቆጠራል? አንድ ወረቀት ጡብ ይሸከማል ወይ? ኳሷ መስታወት ሰበረች፣ ማን ይክፈል? ጅራፍ ለምን ይጮኻል?

ርዕስ ሁሉ ጥያቄ ይሁን ያልነው ሆን ብለን ነው። መጀመሪያ «መሠረታዊ የሥነ ፈለክ ግንዛቤ» ተብሎ የተጻፈ ነገር ነበረ፣ የጻፈውን ሰው ስም አልጠራም፣ ተቀዶ ወደቀ።

ወላጆች ግን ወላጆች ናቸው። አንዲት እናት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብበው ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ መስከረም ላይ 8ኛ ይገባል፣ ሚኒስትሪ አለበት። ይሄ ጥላ ምናምን የምትሉት ሚኒስትሪ ላይ ይወጣል?» አይወጣም አልኳቸው። «ታዲያ ምን ያደርግለታል?» አጭር መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ልጁን አስመዘገቡት፣ ግን ለልብ ክፍል ብቻ፤ ሐኪም እንዲሆን ስለሚፈልጉ። ልጁ እናቱ ሞልተውት የሄዱትን ፎርም ይዞ ተመልሶ መጣና ጥላና ጅራፍን በእስክሪብቶ ጨመረበት። ከዚያ ወዲያ ፎርሙን ለልጆቹ ብቻ መስጠት ጀመርን። ወላጅ የሚፈርመው ታች ነው።

የአንዷ ልጅ አያት ደግሞ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘማች ነበሩ። «እኛ ገበሬውን ፊደል ነበር ያስተማርነው፣ እናንተ ጥላ?» ብለው ሳቁብን። ከዚያ ቁጭ ብለው መሬት አዋጁ ሲታወጅ የነበሩበትን መንደር፣ የቆፈሩትን ሽንት ቤትና በባዶ እግር የሄዱትን መንገድ እስከ ምሳ ሰዓት አወሩን። ምዝገባው ቆመ፣ ማንም አልተቆጣም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ልምምድ። እርስ በርሳችን አስተማርን፣ አራታችን ተማሪ እየሆንን። የሶፍትዌሩ ጓደኛችን አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ኮምፒውተር ታሪክ አወራ። አሪፍ ነበር፣ ግን ማንም ምንም አልነካም። እዚያው አንድ ሕግ ወጣ፦ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የልጁ እጅ አንድ ነገር ካልያዘ ክፍሉ እንደገና ይዘጋጃል። ሌላም ሕግ አለን። በአንድ ክፍል ሁልጊዜ ሁለት አስተማሪ፣ በሩም ክፍት። ይሄ ለድርድር አይቀርብም።

የኔ ዕቃ ቀላል ነው። የ8 ፌሮ፣ አንድ ሜትር፣ የቀለም ጣሳ ውስጥ በሲሚንቶ የቆመ። ፌሮውን የቆረጠልን የአንዱ ልጅ አባት ነው፤ ፌራዮ ነው። ቀጥ ማለቱን በቱንቢ አየልን፣ ጣሳው የሚቀመጥበትን ሲሚንቶም በውሃ ልክ ለካ። «ለምንድን ነው?» አለኝ። ጥላ ልንለካ አልኩት። «በዚህ ክረምት? ፀሐይ ከየት አምጥታችሁ?» ጥያቄው ተገቢ ነው።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ቁልቢ ገብርኤል ስለነበረ ልጅ ይቀንሳል ብለን ነበር፣ አልቀነሰም። ዛሬ በሰፊው እጽፋለሁ፤ ከጠበቅኩት በላይ ሆኗል።

ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹን በፌሮው ዙሪያ አቆምኳቸው። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፦ ፀሐይን ማንም ቀና ብሎ አያይም፣ ጥላዋን ነው የምናየው። ቀጥሎ ጥያቄ፦ ልክ ቀትር ላይ የፌሮው ጥላ ወዴት ያመለክታል? እጅ አወጡ። አብዛኞቹ «እግሩ ሥር ነው፣ ጥላ አይኖርም» አሉ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት ተብለው ስላደጉ። አንዷ ልጅ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በደቡብ በኩል ትሆናለች፣ ጥላው ወደ ሰሜን ይሄዳል።» ቆንጆ ክርክር ነው፣ መጽሐፍ ላይ ያለ ክርክር ነው። ደቡብ ያለ አልነበረም።

ሰሜን የት ነው ስል ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ። ስልክ አውጥቶ ኮምፓስ የከፈተ ነበረ፣ የብረት አጥሩ ጎን ቆሞ ስለነበር ስልኩ የራሱን ዓለም ያሳያል። አንዱ «አቦ ቤተ ክርስቲያን ቤተልሔሙ በምሥራቅ ነው፣ ከዚያ ቁጠሩ» አለ። ትክክል ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ቤተልሔም በምሥራቅ በኩል ነው የሚሠራው። ከኋላ የቆመ ዝምተኛ ልጅ ደግሞ «እኛ ስንሰግድ ወደዚያ ነው» ብሎ በእጁ አሳየ። «ቂብላ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ።» ይሄም ልክ ነው። መካ ከአዲስ አበባ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፣ ወደ ምሥራቅ የምታዘነብለው አምስት ዲግሪ ባትሞላ ነው። ሁለቱ ልጆች የጠቆሙት አቅጣጫ ሲገጣጠም መሬቱ ላይ በቾክ ትልቅ መስቀለኛ መስመር አሰመርን። ኮምፓሱ ወደ ኪስ ተመለሰ።

6 ሰዓት ሆነ። የጥላው ጫፍ ባለበት በቾክ ነጥብ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሌላ ነጥብ። ጥላው ገና እያጠረ ነው። «6 ሰዓት አልፏል እኮ፣ ቀትር አልፏል፣ ማጠሩን ለምን አላቆመም?» አለች የመጽሐፏ ልጅ። ያ ዝምተኛ ልጅ አሁንም መለሰላት፦ «ዙህር ገና አልገባም።» ሁላችንም ዞርን። ዙህር የሚገባው ፀሐይ መካከል ደርሳ ዘወር ስትል ነው፣ መስጊዱ ሰሌዳ ላይ ዛሬ 6 ሰዓት ከ30 አለፍ ብሎ ነው የተጻፈው አለ። ያንን ሰሌዳ በየቀኑ ያየዋል። ከፌሮው ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዳለ ግን ማንም ነግሮት አያውቅም።

ጥላው ከሁሉ ያጠረው 6 ሰዓት ከ31 ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ አዛን ተሰማ። ልጆቹ ጮኹ፣ እኔም ጮኽኩ።

ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ነው ያስረዳሁት። የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ነው፣ መስመሩ ሶማሌ ክልል ውስጥ ዋርዴር አጠገብ ያልፋል። አዲስ አበባ ከዚያ ወደ ምዕራብ 6 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ናት። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ በ4 ደቂቃ ታቋርጣለች። ስለዚህ እኛ ጋ ለመድረስ 25 ደቂቃ ይፈጅባታል። ቀሪዋ 6 ደቂቃ የምድር ምሕዋር ልክ ክብ ስላልሆነና ዘንጓም ስላጋደለ የምትመጣ ናት፤ በዓመት ውስጥ ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች። ይቺን ለሌላ ቀን አቆየናት።

ደቡብን እንዳልረሳ። ጥላው 18 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ የሚያመለክተውም ወደ ደቡብ። ፀሐይ በክረምት ከእኛ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። የመጽሐፏ ልጅ ሦስት ጊዜ በሜትር ለካች። ከዚያ «መጽሐፉ ተሳስቷል?» አለች። አልተሳሳተም፣ ክርክሯ ለአውሮፓ ሁልጊዜ ይሠራል፣ ለኛ ግን በዓመት የተወሰኑ ወራት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ከወገቡ 9 ዲግሪ ላይ ነን፣ ፀሐይ ደግሞ እስከ 23 ተኩል ትወጣለች። ታዲያ በመካከል ልክ አናታችን ላይ የምትሆንበት ቀን መኖር የለበትም? ብላ ራሷ ጠየቀች። ልነግራት ነበር፣ አፌን ያዝኩ።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ደመና። ምንም የለም። ፌሮው ቆሞ ዝናብ መታው።

ቀኑን ያዳነችው የሕክምና ተማሪዋ ናት። ክፍሏን የጀመረችው ወረቀት በመጠቅለል ነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ላኔክ በፈረንጆቹ 1816 እንዳደረገው። ሴት ልጅ ደረት ላይ ጆሮውን መለጠፍ ነውር ሆኖበት ነው ወረቀት ጠቅልሎ ያዳመጠው፣ የዛሬው የሐኪም ማዳመጫም የመጣው ከዚያ ነው። ልጆቹም ይኸው እፍረት ስለያዛቸው ታሪኩ ወዲያው ገባቸው። ከወረቀቱ በኋላ ማንቆርቆሪያ (ፈንል) እና የጎማ ቱቦ ሰጠቻቸው፣ እያንዳንዱ የራሱን ልብ እንዲሰማ። ክፍሉ ውስጥ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። «ሁለት ጊዜ ነው የምትመታው!» አለ አንዱ። ሁለት ጊዜ የምትመታ የሚመስለው በሮቿ ሲዘጉ ነው፣ መጀመሪያ ሁለቱ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ሁለቱ። ከዚያ ዘለሉ፣ ቆጠሩ፣ ተወዳደሩ። ሐኪም ይሁንልኝ የተባለው ልጅ ቱቦውን ወደ ቤት ወሰደው። እናቱ የራሳቸውን ልብ እንዲሰሙ ነው አለ።

የወረዳው ሰውም መጣ። የሪፖርት ቅጹ ላይ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ችግኝ ተከላ፣ ደም ልገሳና የቤት እድሳት የሚሉ ሳጥኖች አሉ። ሌላ ሳጥን የለም። የማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ምልክት አደረግን። ምን እናድርግ።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ልጆቹ ከቅዳሴ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ፣ ፍልሰታ ነው። ካርዶቹ ላይ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ተጽፏል። አምስት ልጅ ይቆማል፣ ካርዱን ያሳያል ወይም ይገለብጣል፣ የሚታዩት ቁጥሮች ተደምረው ይጠራሉ። በግማሽ ሰዓት እስከ 31 ያለ ስህተት። ስድስተኛ ልጅ ቢጨመርስ? 63 ብለው ሳይጠየቁ መለሱ። የሶፍትዌሩ ሰው ኮምፒውተር የሚለውን ቃል ያነሳው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሕጉ ሠርቷል።

ወረቀትና ጡቡም ጥሩ ነው። ያለ ማጠፍ እስክሪብቶም አይሸከም፣ እንደ ቆርቆሮ ሲታጠፍ ጡብ ተሸከመ። የሕጉ ክፍል ግን አስደነገጠን፤ ኳሷን የመታው ልጅ ላይ «ዳኞቹ» ሁለት ዓመት እስራት ፈረዱ። ይግባኝ ተጠይቋል።

ቀትር ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል ደመናው ገለጥ አለ። 12 ሴንቲ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ሦስት ቀን ቀርቶታል ቡሄ። ስለዚህ ጅራፍ።

የማዕከሉ ዘበኛ ጋሼ ልጅ እያሉ ከብት ጠባቂ ነበሩ። የዛሬው አስተማሪ እሳቸው ናቸው፣ እኔ ረዳት። ቃጫውን በሦስት እየገመዱ አሳዩ። ልጆቹ ጸጉር መሥራት ከሚችሉት ሴቶች በስተቀር ጣታቸው ተተበተበ። ጋሼ ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ከእጀታው ወፍራም፣ እየቀጠነ እየቀጠነ ይሂድ። ጫፉ ላይ ቀጭን ቃጫ ካላሰርክበት አይጮኽም፣ ገመድ ነው የሚሆነው።» አንዱ ልጅ ዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ያለው ገመደ። አወናጨፈው፣ ፍፁም ዝም። ጋሼ ጫፉን ፈተው አቅጥነው አሰሩለት። ጧ!

እንግዲህ የኔ ሥራ «ለምን?» የሚለው ነው። እጅ ሲወነጨፍ ጉልበቱ በጅራፉ ላይ እየተጓዘ ይሄዳል። የሚያንቀሳቅሰው አካል እየቀለለ ሲሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጫፉ ጋ ሲደርስ ከድምፅ ይፈጥናል፤ በሰከንድ ከ340 ሜትር በላይ ማለት ነው። የምንሰማው ጩኸት ጅራፉ መሬት ወይም ሌላ ነገር ሲመታ የሚወጣ አይደለም። አየሩ ራሱ ነው የሚጮኸው፣ ልክ ከድምፅ የሚፈጥን ጄት ሲያልፍ እንደሚሰማው። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለውን ተረት ያነሱት ጋሼ ናቸው። አንዷ ልጅ «ማንንም ሳይገርፍም ይጮኻላ!» አለቻቸው። ጋሼ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

ይሄ ክፍል ከሁሉም ይበልጥብኛል። ምክንያቱን ስፈልግ የማገኘው ጋሼን ነው። እኔ መቼም ቀጭን ጫፍ ያስፈልጋል ብዬ ፎርሙላ እጽፍ ነበር። እሳቸው ከስልሳ ዓመት በፊት ሜዳ ላይ ያወቁት ነው። ልጆቹ ሁለቱን አንድ ላይ አገኙ፣ ከሁለታችንም ለየብቻ ቢሆን የሚያገኙት ግማሹን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ መጣ። እንቁረጥ ስንል ልጆቹ እምቢ አሉ፣ መብረቁን አይተው ድምፁ እስኪደርስ መቁጠር ጀመሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር የሚሄደው በሦስት ሰከንድ ነው ብያቸው ስለነበር ዘጠኝ ሲቆጥሩ «ሦስት ኪሎ ሜትር!»፣ ስድስት ሲቆጥሩ «ሁለት!» እያሉ ጮኹ። አራት ሲደርስ ሁሉንም ወደ ውስጥ አስገባኋቸው።

ጥላው ጠዋት በተገኘችው ፀሐይ አልተለካም ብዬ ነበር፣ ሁለት ልጆች ግን እኔ ሳላውቅ ቀትር ላይ ለክተውታል። 8 ሴንቲ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ፆሙ ተፈቷል፣ ሁሉም ልጅ ጠግቦ መጥቷል፣ ማንም አይቸኩልም። ቀትር ላይ 4 ሴንቲ።

ቁጥሮቹን ሰሌዳው ላይ አሰፈርኳቸው፦ 12፣ 8፣ 4። ምንም አልተናገርኩም። የመጽሐፏ ልጅ ተነስታ ነጥቦቹን ስኩዌር ወረቀት ላይ አስቀመጠች፣ ማስመሪያ ደርባ መስመሩን ወደ ፊት አስረዘመችው። ዜሮን የነካው ነሐሴ 24 ላይ ነው። «ተክለ ሃይማኖት!» አለ ከጎኗ ያለው። ሐምሌ ላይ የጠየቀችውን ቀን ራሷ አገኘችው። ዝም ብዬ ማቆየቴ ከፍሎኛል። መስመሩ ቀጥ ያለ የሚመስለው ለእነዚህ ሳምንታት ነው እንጂ በዓመቱ ውስጥ ይጎብጣል። እሱን ሌላ ጊዜ ያገኙታል።

ከዚያ የኤራቶስቴኔስን ነገር ነገርኳቸው። የአሌክሳንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር፣ ከ2,200 ዓመት በፊት። አስዋን ላይ በዓመቱ ረጅሙ ቀን፣ ቀትር ላይ ጥላ እንደሌለ ሰማ። በዚያው ቀን አሌክሳንድርያ ላይ ጥላ አለ። የጥላው ማዕዘን የክብ አንድ ሃምሳኛ ሆነ። ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች ርቀት በሃምሳ ሲባዛ የምድር ዙሪያ ነው። «አስዋን የአባይ ግድብ ያለበት?» አዎ፣ እሱ አስዋን። ለካ ይሄም ታሪክ የእኛው ወንዝ ዳር ነው የተሠራው አሉ።

እኛም እንሞክር አልኩ። ለኛ አስዋናችን ሳሪስ ናት። አሌክሳንድርያችን ጎንደር፤ አንድ ጓደኛችን ክረምቱን እዚያ ቤተሰቦቹ ጋ ነው፣ አንድ ሜትር ፌሮም አግኝቷል። ጎንደር ወደ ምዕራብ ስለምትርቅ ቀትሯ ከእኛ አምስት ደቂቃ ይዘገያል፣ ይሄንን አሁን ልጆቹ ራሳቸው ማስላት ይችላሉ።

የቀረው ርቀቱ ነው። «ጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው» አለ አባቱ ሹፌር የሆነ ልጅ። መንገዱ ግን ይጠመዘዛል። ደግሞም የምንፈልገው ወደ ሰሜን ያለውን ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ካለው ካርታ በማስመሪያ ለኩ፣ ቀጥ ወደ ላይ 20 ሴንቲ። አንዱ ሴንቲ 20 ኪሎ ሜትር ነው። 400።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ከጠዋቱ 4 ሰዓት፦ ሳሪስ ደመና። ጎንደር ብራ።

5 ሰዓት ተኩል፦ ሳሪስ ደመና። ጎንደር ግማሽ። ልጆቹ ከተክለ ሃይማኖት ንግሥ እየመጡ ነው። አያትየውም መጥተዋል፣ ሚኒስትሪ ያሉት እናትም።

6 ሰዓት፦ ዘነበ። ፌራዮው «አላልኳችሁም?» የሚል ፊት ይዞ ቆሟል።

6 ከ15፦ ቆመ።

6 ከ22፦ ከእንጦጦ በኩል ሰማያዊ ነገር ታየ። ማንም አይናገርም።

6 ከ24፦ ፀሐይ! ፌሮው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሟል። ጥላ ስንፈልግ የጣሳውን ጥላም አጣነው፤ ጣሳው ዙሪያውን እኩል ብርሃን ነው። የመጽሐፏ ልጅ ተንበርክካ በማስመሪያ የፌሮውን ሥር ዞረችው፣ «የለም» አለች። ሌሎቹ የራሳቸውን ጥላ ለመፈለግ መዞር ጀመሩ። ሁሉም የራሱን ጥላ ረግጦ ቆሟል። እናትየው ዣንጥላቸውን ቀጥ አድርገው ያዙና መሬቱን አዩት፣ የዣንጥላው ጥላ ልክ እግራቸው ዙሪያ ክብ ሠርቷል። «ወይ ጉድ» አሉ።

6 ከ30፦ ስልክ፣ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ። ኔትወርኩ እየቆራረጠ። «…ሴንቲ ተኩል!» ስንት? «ስድስት! ስድስት ሴንቲ ተኩል!» ጫፉ ደብዛዛ ነው አለ፣ የድብዘዛውን መካከል ነው የወሰደው። እንዲያ ነው የተስማማነው። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፣ ስፋት አላት፣ ስለዚህ የአንድ ሜትር ፌሮ ጥላ ጫፉ አንድ ሴንቲ ያህል ይደበዝዛል።

6 ከ40፦ ዘነበ።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ስሌቱን ዛሬ ነው የጨረሱት፣ ቅዳሜ ማንም ለመቀመጥ ልብ አልነበረውም። ትሪጎኖሜትሪ ስለማያውቁ በሌላ መንገድ ሄድን። አንድ ሜትር ክር በቾክ ይዘን መሬቱ ላይ ክብ አዞርን። ዙሪያው 2 ሲባዛ በ3.14 ሲባዛ በ100፣ ማለትም 628 ሴንቲ ነው። የጎንደር ጥላ 6 ተኩል ሴንቲ በዚህ ክብ ላይ ስንት ጊዜ ይገባል? 628 ሲካፈል ለ6.5፣ 96.6 ጊዜ። እንግዲህ ከሳሪስ እስከ ጎንደር ያለው 400 ኪሎ ሜትርም በምድር ዙሪያ ላይ 96.6 ጊዜ ይገባል። 38,640 ኪሎ ሜትር። የታወቀው 40,000 ግድም ነው። ልዩነቱ ከ100 ሦስት ተኩል የማይሞላ፤ በአንድ ፌሮ፣ በቆራረጠ ስልክና በግድግዳ ካርታ።

የቱ ጋ ነው ያነሰብን? ሲከራከሩ ቆዩ። አንዱ ጫፉ ስለሚደበዝዝ ነው አለ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ብትዛነፍ ውጤቱ በ300 ኪሎ ሜትር እንደሚለዋወጥ አሰላው። ሌላዋ ካርታው ላይ ማስመሪያውን አጋድለን ይሆናል አለች። ዝምተኛው ልጅ ደግሞ ሳሪስ ላይም ፀሐይ ፍጹም አናት ላይ አልነበረችም፣ ለዓይን ስላልታየን ነው እንጂ ሚሊ ሜትር ጥላ ነበረ ብሎ ተሟገተ። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሦስቱንም ጻፉ።

የቀረ ሥራ። ፌሮው ማዕከሉ ውስጥ ይቆያል፣ ቁልፉ ጋሼ ጋ ነው። እኛ መስከረም ላይ ወደየግቢያችን እንበተናለን፤ ልጆቹ ግን ልኬቱን እንቀጥላለን ብለዋል። ከአሁን በኋላ ጥላው ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞራል። መስከረም 12፣ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ፣ 16 ሴንቲ ያህል ሰሜን መሆን አለበት። ታኅሣሥ 12 ላይ ደግሞ 63። ግምቱን በፖስታ አሽጌ ለአያትየው ሰጥቻቸዋለሁ፣ ልጆቹ ለክተው ሲያበቁ ይከፍቱታል። የመስከረሙን ማን እንደሚለካ ጳጉሜን ሳትወጣ ይወሰንና ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። መስከረም 12 ሰኞ ነው፣ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ቀትሩ ደግሞ ከ6 ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው የሚሆነው፤ ምሳ ሰዓታቸው ላይ ይደርሱበት እንደሆነ ሰዓቱን እያሰሉ ነው።